ለሽሮ ሜዳው ልብስ ሰፊያችን ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ልብስ ሰፊ ጠቁሙኝ እያላችሁ ለምትጠይቁ ሁሉ፣ ሽሮ ሜዳ አንድ ጋሼ አሉላችሁ። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ እሳቸውም አይወዱም። በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ግን ቤታቸውን አሳያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የታሪክ ክበባችን ልጆች ለየካቲት 12 ግጥምና ድራማ ሰለቸን አሉ። እያንዳንዳቸው የ1929ኙን የአዲስ አበባ ጭፍጨፋ በቁራጭ ጨርቅ ላይ እየጠለፉ፣ ቁራጮቹ ተገጣጥመው ግድግዳ የሚሸፍን አንድ ትልቅ ልብስ እንዲወጣቸው ፈለጉ። አንዷ የገነተ ልዑልን ግቢ ሠራች፣ ምጽዋት ይሰጣችኋል ተብለው ከተሰበሰቡት ድሆች ጋር። ግቢው ዛሬ የስድስት ኪሎው ዩኒቨርሲቲ ነው። አንዱ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በጣሊያኑ ገዢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲወረውሩ ጠለፈ። ሌላው ደግሞ ሁልጊዜ ሁለቱን ብቻ ታነሳላችሁ ብሎ የረዳቸውን ባለታክሲ ስምዖን አደፍርስን ከነመኪናው አመጣ (ጎበዝ!)። በቀሩት ላይ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ የጣሊያን ፋሺስቶች ሦስት ቀን ሙሉ ያደረጉት ነው ያለው፤ ቤንዚን፣ አካፋ፣ ሰው ውስጡ እያለ የሚነድ ጎጆ።

ሐሳቡ ግሩም፣ ስፌቱ ግን ጉድ ነበር። አንዱ አቡጀዲ፣ አንዱ የአባቱን አሮጌ ካኪ፣ አንዷ የሚለጠጥ ሹራብ ይዛ ከች። መጠኑማ አይነሳ። መጀመሪያ ያሳየነው ሰፊ "ድሪቶ ነው እንዴ የምታሰፉት?" ብሎ ሳቀብን።

ጋሼ አልሳቁም። መነጽራቸውን አድርገው ቁራጮቹን አንድ በአንድ እያነሱ ይሄ ምንድን ነው፣ ይሄኛውስ እያሉ ልጆቹን ጠየቁ። ከዚያ ወደ ሥራ። ሹራቡ እንዲሁ ከተሰፋ አጠገቡ ያለውንም ይዞ ይጨማደዳል ብለው ከጀርባው ስስ አቡጀዲ ደገፉለት። የእያንዳንዱን ቁራጭ ዙሪያ በጥቁር ጨርቅ ከበቡት፤ መጠኑም በዚያው ተስተካከለ። ከላይ ዘንግ የሚገባበት መስቀያ ሳንጠይቃቸው ሰፉልን።

እኔን ያስገረመኝ ግን ይሄ ነው። አንድ ልጅ ኢትዮጵያ በይፋ ያቀረበችውን የሟቾች ቁጥር፣ 30000 ብሎ፣ እስከ ጨርቁ ጫፍ ድረስ ጠልፎታል። (ቁጥሩን ዝቅ የሚያደርጉ ተመራማሪዎች አሉ፤ ክርክሩን ክፍል ውስጥ ተከራክረናል።) እንዳለ ቢሰፋ የመጨረሻዋ ዜሮ ስፌት ውስጥ ትገባ ነበር። ማናችንም ልብ አላልንም። እሳቸው መቀሱን አስቀመጡና "መምህር፣ ይሄ እኮ ሦስት ሺህ ሊሆን ነው" አሉኝ፤ ጎኑ ላይ ቅጣይ ጨመሩለት። እስቲ ለአንድ ዜሮ የሚጨነቅ ሰፊ ዘንድሮ ከየት ይገኛል?

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። የእጅ ዋጋዎን ግማሹን ስለተዉልንም ልጆቹ በጣም ያመሰግናሉ።

እውነቱን ለመናገር፣ "ነገ ኑ" ካሉ ከነገ ወዲያ ሂዱ። ከጥምቀትና ከፋሲካ በፊት ደግሞ ጭራሽ አታስቸግሯቸው፤ ያኔ የሀበሻ ቀሚስ ተቆልሎባቸው ቀና አይሉም። ጨርቅ ራሳችሁ ገዝታችሁ ብትሄዱ ይረክስላችኋል፤ የክር ቀለም ምርጫውን ግን ለእሳቸው ተዉት፣ ተከራክሮ የረታቸው ሰው አላየሁም።