ደብረ ብርሃንና ዙሪያዋ ያላችሁ ዶሮ አርቢዎች፦ ርካሹን የመኖ ጆንያ ከማስጫናችሁ በፊት

«የእንቁላል ጣይ መኖ፣ ከፋብሪካ ዋጋ በታች፣ ቤት ድረስ እናደርሳለን፣ 10 ኩንታል ለሚወስድ ተጨማሪ ቅናሽ አለ።» ይህን ማስታወቂያ ያልሰማ አርቢ ካለ ዕድለኛ ነው። ጆንያው ላይ የታወቀ ፋብሪካ ስም ታትሟል፣ ደረሰኝ ግን የለም፣ አፉም በእጅ መርፌ የተሰፋ ነው። የሻጭ ስም አንጠራም፤ ዘዴው የአንድ ሰው ስላልሆነ ስሙን ማወቁም ብዙ አይጠቅማችሁም። የሚጠቅማችሁ ጆንያው ውስጥ ያለውን ማወቅ ነው።

ከሁሉ በፊት ሂሳቡን ሥሩት። አንድ ኩንታል ደህና የጣይ መኖ በግርድፉ ይህን ይይዛል፦ በቆሎ 50 ኪሎ፣ የተቆላ አኩሪ አተር 18፣ የኑግ ፋጉሎ 13፣ ፉርሽካ 8፣ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ 9፣ የአጥንት ዱቄት 1 ኪሎ፣ ፕሪሚክስ (የቫይታሚንና የማዕድን ቅልቅል) 500 ግራም፣ ጨው 350 ግራም፣ ሜታዮኒን (የፕሮቲን ማሟያ) 150 ግራም። ይህ 16 በመቶ ያህል ፕሮቲንና 3.8 በመቶ ገደማ ካልሲየም ይሰጣል። እንግዲህ እህል ተራ ወጣ በሉና የ50 ኪሎ በቆሎና የ18 ኪሎ አኩሪ አተር ዋጋ ብቻ ደምሩ። ሁለቱ ብቻቸውን የተጠራላችሁን ዋጋ ከደረሱ፣ የቀረውን 32 ኪሎ፣ የወፍጮውንና የመኪናውን ማን ከፈለላችሁ? ትልቅ ፋብሪካ በመኸር ወቅት በብዛት ስለሚገዛ ከእናንተ ይረክስለታል፤ ግን እንዲህ አይረክስለትም። ወይ በቆሎው በቆሎ አይደለም፣ ወይ አኩሪ አተሩ የለም።

በበቆሎው ቦታ የሚገባው ብዙ ጊዜ የተፈጨ ቆሮቆንዳ ነው፤ ሰጋቱራም፣ የቡና ገለባም፣ የገብስ እብቅም ይገባል። ደብረ ብርሃን የቢራ ፋብሪካ ከተማ ስለሆነች የደረቀ የብቅል አተላም ይደባለቃል። አተላው በራሱ መጥፎ ነገር አይደለም፣ ላም ደስ ብሏት ትበላዋለች። ዶሮ ግን አሰሩን መፍጨት አትችልም፤ ጉሮሮዋን ሞልታ ሳትጠግብ ታድራለች። ገብስም እንደዚሁ፦ ደጋው ገብስ ስለሞላው ብዙ ሰው በቆሎን በገብስ ይተካል፣ ግን መፍጨትን የሚያግዝ ኢንዛይም ሳይጨመርበት በኩንታል ከ15 እስከ 20 ኪሎ ካለፈ ኩሱ እየተጣበቀ ጉዝጓዙን ያረጥባል፣ እንቁላሉም ቆሽሾ ይወጣል።

ክብደት ለመሙላት አሸዋና ጨው ይጨመራል። ጨው ሲበዛ ዶሮዎቹ ውሃ ላይ ይጣዳሉ፣ ኩሳቸው ይቀጥናል፤ ጫጩት ከሆነ ይሞታል።

ከሁሉም የረቀቀው ዩሪያ ነው። ላብራቶሪ ፕሮቲንን በቀጥታ አይቆጥርም፤ ናይትሮጂኑን ለክቶ በ6.25 ያባዛል። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጂን ስለሆነ 1 ኪሎ ዩሪያ ወረቀቱ ላይ የ2.87 ኪሎ ፕሮቲን ያህል ሆኖ ይነበባል። ስለዚህ «የላብራቶሪ ውጤት አለን» ብለው የሚያሳዩዋችሁ ወረቀት እውነተኛ ሊሆን ይችላል፣ መኖው ግን ባዶ ነው። ከብት በጨጓራው ባሉ ተሕዋስያን አማካይነት ጥቂት ዩሪያን ወደ ፕሮቲን ይለውጣል። ዶሮ ይህ የላትም።

አሁን ወደ ፍተሻው። የሚያስፈልጋችሁ ብርጭቆ፣ አቼቶ፣ ክዳን ያለው ማሰሮ ወይም የማር ዕቃ፣ አንድ ጭብጥ ጥሬ አኩሪ አተር ብቻ ነው። ሻጩ ፊት አድርጉት፣ አትፈሩ።

ሁለት የሾርባ ማንኪያ መኖ በብርጭቆ ውሃ ጨምራችሁ አማስሉና አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ጥቂት ነገር መንሳፈፉ ያለ ነው፣ ፉርሽካም ይንሳፈፋል። የተንሳፈፈውን በጣታችሁ አንሱና እሹት። ፉርሽካ ከሆነ ይለሰልስና ነጭ ዱቄት ይተዋል። ሰጋቱራ ወይም ቆሮቆንዳ ከሆነ እንደ ክር ወይም እንደ ስንጥር ሆኖ ይቀራል፣ በጥርስም አይደቅም። ከዚያ ውሃውን ቀስ ብላችሁ ድፉና ከሥር የቀረው ላይ አቼቶ አፍስሱበት። የኖራ ድንጋይ ከሆነ አረፋ እየደፈቀ ይሟሟል። አሸዋ ዝም ይላል፤ አረፋው ሲያልቅ በጣታችሁ መካከል ሲንሿሿ ታገኙታላችሁ። ምንም አረፋ ካላያችሁ ነገሩ ከአሸዋው የባሰ ነው፤ ካልሲየሙ የለም ማለት ነው።

ለዩሪያ፦ አንድ ማንኪያ መኖ፣ አንድ ማንኪያ የተፈጨ ጥሬ አኩሪ አተር፣ ጥቂት ለብ ያለ ውሃ። ክደኑና 20 ደቂቃ ቆይታችሁ ክፈቱት። አፍንጫ የሚሰነፍጥ የከብት በረት ሽንት ሽታ ከወጣ ዩሪያ አለበት። አኩሪ አተሩ ጥሬ መሆን አለበት፤ ዩሪያውን ሰብሮ ሽታውን የሚያወጣው ኢንዛይም ሲቆላ ይሞታል። ይኸው ነገር በተቃራኒውም ይሠራል፦ ለዶሮ የሚቀርብ አኩሪ አተር መቆላት አለበት፣ ጥሬው ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር ይዟል። ቆላን እያሉ ጥሬውን የሚፈጩ አሉና፣ መኖውን ቅመሱት፤ የጥሬ ባቄላ ጣዕም ካለው ተውት።

የአስኳል ቀለም ላይ ግን ብዙ አትመኩ። ቢጫ በቆሎ አስኳልን ያደምቃል፣ ነጭ በቆሎ አያደምቅም፤ ማቅለሚያ የሚጨምርም አለ። የገረጣ አስኳል ስላያችሁ ብቻ ሰው አትክሰሱ።

ስለ ካልሲየሙ ትንሽ እንቆይ፣ ሰው ከሁሉ በላይ የሚከስረው እዚህ ነውና። አንድ የእንቁላል ቅርፊት ከ2 ግራም በላይ ንጹህ ካልሲየም አለው። ዶሮዋ ከምትበላው ሁሉንም ስለማትወስድ በቀን 4 ግራም ገደማ መብላት አለባት፤ 115 ግራም መኖ 3.8 በመቶ ካልሲየም ካለው ይሄው ተሟላ። ካልሞላ ከአጥንቷ ታወጣለች። መጀመሪያ ቅርፊቱ ይሳሳል፦ እንቁላሉን ወደ መብራት ስታስጠጉት ነጠብጣብ ይታይበታል፣ ትሪ ላይ ሲቀመጥ ይሰነጠቃል። ቀጥሎ ቅርፊት አልባ፣ እንደ ፊኛ የሚለሰልስ እንቁላል ጉዝጓዙ ላይ ይገኛል፤ ዶሮዎቹም መብላት ይለምዳሉ፣ ይህን አመል ማስተው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በመጨረሻ እግራቸው እየከዳቸው ይተኛሉ። ቅርፊቱ የሚሠራው በአብዛኛው ሌሊት ስለሆነ ከኖራ ድንጋዩ ግማሽ ያህሉ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ጠጠር ቢሆን ይመረጣል። ዱቄቱ ቶሎ ያልፋል፣ ጠጠሩ ግን ሌሊቱን እየሟሟ ይቆያል። ደግሞ አደራ፣ ግድግዳ የሚቀባውን የተቃጠለ ኖራ በዚህ ቦታ እንዳታስገቡ፤ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል።

«ለሁሉም ዕድሜ ይሆናል» የሚባል ጆንያም አለ፤ እሱን ጭራሽ አትንኩት። መጣል ገና ያልጀመረች ቄብ የጣይ መኖ ከበላች ትርፉ ካልሲየም ኩላሊቷን ያበላሻል። የቄብ መኖ ካልሲየሙ 1 በመቶ አካባቢ ነው፤ ወደ ጣይ መኖ የምትዛወረው ለመጣል ስትደርስ፣ 17 ሳምንት ገደማ ላይ ነው።

አየሩም ራሱን የቻለ ሂሳብ አለው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ውርጭ በሚጥልበት ሌሊት ዶሮ ገላዋን ለማሞቅ ብቻ ብዙ ታቃጥላለች፣ የቀን ፍጆታዋም 125 ግራም ሊያልፍ ይችላል። ጉልበት የሌለው ገለባ የበዛበት መኖ ሲመጣ እንቁላሉን ትተዋለች። ሸዋ ሮቢት ደግሞ ሙቀቱ የምግብ ፍላጎቷን ይቀንሰዋል፤ 100 ግራም ብቻ ከበላች በዚያው 100 ግራም ውስጥ ፕሮቲኑም ካልሲየሙም ጠንከር ብሎ መግባት አለበት። ባዶው መኖ ሁለቱም ጋ ይጎዳል፣ ምክንያቱ ግን የተለያየ ነው።

የቅናሹ ትርፍ ስንት እንደሆነ እንየው። 100 ዶሮ በቀን 12 ኪሎ ገደማ ይበላል፤ ኩንታሉ ስምንት ቀን ይቆያል። ኩንታል ላይ 500 ብር ቢቀነስላችሁ በቀን ያተረፋችሁት 62 ብር ነው። እንቁላል በ15 ብር ብትሸጡ ይህ የአራት እንቁላል ዋጋ ነው። ከ85 እንቁላል ወደ 65 ስትወርዱ ደግሞ በየቀኑ 300 ብር ታጣላችሁ። ይህን የሚነግራችሁ ሻጭ የለም።

እንቁላል በቀነሰ ቁጥር ግን መኖ ጥፋተኛ ነው አይባልም። ብርሃን በቀን 16 ሰዓት እንዲሞላ የማታ መብራት ታበራላችሁ? መብራት ሲጠፋ ስንት ቀን ሳይበራ ቀረ? የፈንግል ክትባት መቼ ተከተቡ? ውሃው በረዶ ሆኖ ያደረበት ጠዋት ነበር? እነዚህ ተጣርተው ችግሩ አዲስ ጆንያ ከከፈታችሁ በሳምንት ውስጥ ከመጣ፣ ያኔ ጆንያውን ያዙት።

ሻጋታ ለብቻው መታየት አለበት። እጃችሁን ጆንያው መሃል ድረስ አስገቡ፤ ሙቀት ከተሰማችሁ ወይም መኖው እንደ ጓል ተያይዞ ከወጣ አትረከቡ። እርጥብ የተከማቸ በቆሎና ፋጉሎ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይሠራል፤ ጉበት ያቃጥላል፣ እንቁላል ይቀንሳል። ፀሐይ ላይ ማስጣትም መቁላትም መርዙን አያጠፋውም፣ ሽታውን ብቻ ነው የሚያጠፋው። በቆሎ ገዝታችሁ ራሳችሁ የምታስፈጩ ከሆነ ፍሬውን ከደረቅ ጨው ጋር በደረቅ ጠርሙስ አድርጋችሁ ነቅንቁና 15 ደቂቃ አቆዩ፤ ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ በቆሎው ገና አልደረቀም።

ግዥው ላይ፦ ስፌቱን እዩ፤ የፋብሪካ የማሽን ስፌት በአንድ ጎትቶ ይተረተራል፣ ድጋሚ የተሰፋ ጆንያ የድሮው መርፌ ቀዳዳ አፉ ላይ ይታያል። መለያ ወረቀቱ የተመረተበትን ቀን፣ ማብቂያውን፣ የምርት ቁጥሩንና የዶሮውን ዕድሜ ካልያዘ ስሙ ብቻ ምንም አይደለም። ደረሰኝ ተቀበሉ። መጀመሪያ አንድ ኩንታል ብቻ ውሰዱ፤ ሻጩ ባለበት ከጆንያው ላይ፣ ከመሃልና ከሥር 1 ኪሎ አውጥታችሁ በላስቲክ አሽጉ፣ ቀኑን ጻፉበት፣ ሁለታችሁም ፈርሙበት። ፈራሚ ነኝ የሚል ሻጭ ብዙም አይገኝም፤ እሱ ራሱ መልስ ነው። ለከተማው ግብርና ወይም ንግድ ጽሕፈት ቤት አቤት ስትሉ የሚቆጠርላችሁ ያ ናሙና ነው። አዲሱን መኖ ከነባሩ ጋር ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት አራተኛ እያላችሁ በሳምንት ውስጥ አስለምዱ፣ በአንድ ሌሊት አትቀይሩ።

የገዛችሁት ካለ ዛሬውኑ አቁሙ። የኖራ ድንጋይ ጠጠር በተለየ ዕቃ አመሻሽ ላይ ለአንድ ዶሮ 4 ግራም ያህል አቅርቡ፤ ቫይታሚን ዲ ያለበትን የውሃ ቫይታሚን ስለመስጠት የእንስሳት ሐኪሙን ጠይቁ። የሻገተውን ቅበሩ፤ ላም ብትበላው መርዙ በወተቱ ይወጣል። የተረፈውን ለበግ ልስጠው የሚል ሰው አይጠፋም። የዶሮ ፕሪሚክስ ውስጥ መዳብ አለ፤ በግ መዳብን ጉበቷ ውስጥ ታከማቸውና ከሳምንታት በኋላ በድንገት ትወድቃለች፣ የመንዝ በግ ብትሆንም።