የእምዬን ድምፅ ላወጣልን ልጅ

የድሮ ካሴት ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥ ሰው ለምትፈልጉ አንድ ልጅ ልጠቁማችሁ ነው። ግን መጀመሪያ ላመስግነው።

አያቴ፣ እኛ እምዬ የምንላት፣ ልብስ ሰፊ ነበረች። ስድስት ልጆች ያሳደገችው በመርፌና በክር ነው። እጇን አጣጥፋ ወሬ ማውራት አታውቅም። ስትቆጣንም ስትመርቀንም እግሯ የስፌት መኪናው ፔዳል ላይ ነው፣ ቀና አትልም። ሱሪ ስትሰፋልን ከታች ሁለት ጣት ያህል ጨርቅ አጥፋ ታስተርፋለች። "ስታድጉ ይፈታል" ትላለች።

ካረፈች በኋላ ፎቶዋ ሞልቶናል። ድምፅዋ ግን አንዲት የ60 ደቂቃ ካሴት ላይ ብቻ ነው ያለው። ውጭ አገር ለነበረው አጎቴ በደብዳቤ ፋንታ የቀዳችው።

በፊት ሌላ ቤት ሰጥቼው ነበር። "አጽድተነዋል" ብለው የመለሱልኝ ድምፅ ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ሰው ይመስላል። እማዬ ሰምታ "ይቺ እናቴ አይደለችም" ብላ ተነሳች።

ይሄኛው ልጅ ካሴቱን ሲቀበለኝ ዘሎ አላጫወተውም። አገላብጦ አየው። የካሴቱን ክር ከማጫወቻው ድምፅ ማንበቢያ ጋር የምታጣብቀው ትንሿ ጨርቅ ወልቃለች። ቀፎው ደግሞ በብሎን ሳይሆን በሙጫ የተገጠመ ነው። ቀስ ብሎ ከፈተውና ክሩን ከነመጠቅለያው ወደ ሌላ ቀፎ አዛወረው። የዚያ ክር ስፋት እኮ 4 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም! እኔ ትንፋሼን ይዤ ነው ያየሁት።

ከቀናት በኋላ ደወለ። "እህቴ፣ ከእማማ ጀርባ ተክ ተክ የሚል ነገር አለ። ላጥፋው ወይስ ልተወው?"

የስፌት መኪናዋ ነው። ለልጇ እያወራችም እየሰፋች ነበር ለካ! የመጀመሪያው ቤት "ያጸዳው" እሱን ነው፣ ከድምፅዋም አብሮ ወስዶ። "እንዳትነካው" አልኩት።

ሌላም ጉድ ነበረበት። ድምፅዋ ቀጥኗል፣ የልጅ ድምፅ መስሏል። የካሴት ክር በሰከንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር ነው መሄድ ያለበት። የመቅጃው ባትሪ ሲደክም ሞተሩ ይዘገያል፤ እንደዚያ የተቀዳው በደህና ቴፕ ሲጫወት ይፈጥናል፣ ይቀጥናል። "ስንት እንደምቀንስ ማሽን አይነግረኝም። እሳቸውን የሚያውቅ ጆሮ አምጪልኝ" አለኝ።

እማዬን ይዣት ሄድኩ። ልጁ በጥቂት በጥቂቱ እየቀነሰ ያሰማታል። እሷ ዓይኗን ጨፍና "ገና... ገና ነው..." ትላለች። ድንገት እጇን አነሳች። "በቃ! እሷ ናት።" ልጁ ወደ መስኮቱ ዞሮ ቆየ።

ሥራውን ሲያስረክበን ምንም ያልተነካውን ቅጂ በዋቭ (ድምፁ ሳይጨመቅ በሚቀመጥበት ፋይል)፣ የተስተካከለውን ደግሞ ለስልክ እንዲመች በኤምፒስሪ ሰጠን። ዋቩን ሁለት የተለያየ ቦታ አስቀምጡት ብሏል። ካሴቱም ላይ በስህተት እንዳይቀዳበት ከላይ ያሉትን ሁለት ጥርሶች ሰብሮልናል።

እውነቱን ለመናገር ይዘገያል። ሳምንት ያለኝ ሦስት ሳምንት ፈጅቶበታል። ለቸኮለ ሰው አይሆንም። ለሌላው ግን ዓይኔን ሳላሽ እመክራለሁ፤ ስልኩን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ።

የሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ እምዬ "እና ያንን ካፖርት ደግሞ..." ትልና ጭጭ ይላል። ልጁ ተጨንቆ "እኔ አልቆረጥኩትም፣ ክሩ አልቆባቸው ነው" አለን።

አጎቴን ጠየቅነው። ካፖርቱ እስካሁን አለው። አውጥቶ እጅጌውን ገለበጠው። ሁለት ጣት ትርፍ ጨርቅ ታጥፎ ተሰፍቶበታል። ሲላክለት ሠላሳ ዓመቱ ነበር።