ለአዲስ ሰፈር ነዋሪ የሚሆነው ሳይክል የትኛው ነው? ባሕር ዳር ገበያ ላይ ያሉት ዓይነቶች ሲመዘኑ

ባሕር ዳር ዳርቻ ላይ የማኅበር ቤት ሠርቶ ወይም ኮንዶሚኒየም ደርሶት የገባ ሰው፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የያዘው የመንገድ ልማድ ቶሎ አይለቀውም። ልጆቹን በኮንትራት ባጃጅ ትምህርት ቤት ማድረስ የጀመረ ቤት በዚያው ይቀጥላል፤ ከቤት ኪራይ የተረፈው ብርም በዚያው ያልቃል። ስለዚህ ሳይክል መታሰብ ያለበት ዕቃ ሲጫን ነው እንጂ «ትንሽ እንረጋጋና» ተብሎ አይደለም። ከተማዋ ለፔዳል የተመቸች ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ጣና ዳር የተዘረጋች ሜዳ ናት፤ ከበዛዊት ኮረብታ በቀር ሰውን አስወርዶ የሚያስገፋ ዳገት እምብዛም የላትም። ዘንዘልማ ከመሃል ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ በሰዓት 14 ኪሎ ሜትር በሚሆን የዝግታ ፍጥነት ግማሽ ሰዓት ነው።

እንቅፋቱ ያለው ምርጫው ላይ ነው። ሱቅ ደጃፍ ቆሞ ዓይን የሚስበው፣ ልጆችም የሚመርጡት፣ ፊትና ኋላ ሞላ ያለው ባለ 21 ማርሹ ሳይክል ለዚህ ሥራ ከሁሉም የማይረባው ነው። በርካሽ የተሠራ ሞላ በእያንዳንዱ ርግጫ እየተጨመቀ የነጂውን ጉልበት ይበላል፤ ክብደትም ይጨምራል። የኋላው ክፍል የሚታጠፍበት መገጣጠሚያ ውስጥ ያለው ቡሽ ሲበላ ጎማው ወደ ጎን ይወዛወዛል፤ ያን ጊዜ መለዋወጫ አይገኝለትም። የኋላ መጫኛ አይቀበልም፤ ቢቀበልም ሞላው ላይ ስለሚያርፍ ሸክም አይችልም። ፓራፋንጎ የለውም። ማርሽ ቀያሪው ደግሞ ከኋላው ጎማ አክስ በታች ተንጠልጥሎ ስለሚሄድ አንዴ ከወደቀ ይታጠፋል፤ ታጥፎ ከተነዳ ደግሞ ወደ ውስጠኛው ማርሽ ሲገባ ከቸርኬው ሽቦ ጋር ይያያዝና ሽቦውንም ራሱንም ይሰባብራል። ሜዳ ላይ ለሚውል ሰው ከ21ዱ ማርሽ ሁለት ወይም ሦስቱ ብቻ ናቸው የሚያገለግሉት። ይህን ሳይክል ለማንም አንመክርም።

ጥቁሩ ባለ አንድ ማርሽ፣ ትልልቅ ጎማ ያለው፣ ቀጥ ብሎ የሚያስቀምጠው ሳይክል አሁንም ከሁሉ የሚሻል መሥሪያ ቤት አድራሽ ነው። ሰንሰለቱ በሙሉ ወይም በግማሽ ተሸፍኗል፤ ስለዚህ ቀሚስና ነጠላ አይበላም፣ ሱሪም በቅባት አይበላሽም። ፓራፋንጎው ሰፊ ነው። የኋላ መጫኛው አብሮት ይመጣል፤ 25 ኪሎ ድረስ ሳያስቸግር ይሸከማል። የፊቱ ጥርስ 44፣ የኋላው 18 ከሆነ ለባሕር ዳር መንገድ ልክ ነው። ከኋላ ልጅ ለሚጭኑና ከበዛዊት በኩል ለሚመላለሱ የኋላውን በ20 ማስቀየር ያቀላል፤ ያን ጊዜ ሰንሰለቱም ትንሽ ርዝመት ይፈልጋል።

ፍሬኑ ግን ድክመቱ ነው። በብረት ዘንግ የሚሳበው ፍሬን፣ የተለበጠ የብረት ቸርኬ ላይ ሲያርፍ በበጋ ይበቃል፤ ቸርኬው ከረጠበ ግን ሳይክሉ የሚቆምበት ርቀት በብዙ እጥፍ ይረዝማል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የተለበጠ ብረት ለስላሳ ስለሆነ ውኃው ከፍሬኑ ጎማ በታች ተነጥፎ ይቀራል። በሰኔና በመስከረም መካከል ይህን የሚነዳ ሰው ከመቆሚያው ብዙ ቀደም ብሎ ፍሬኑን በቀስታ ይዞ ቸርኬውን ማድረቅ፣ ከዚያ አጥብቆ መያዝ አለበት። ዘንጉ የሚያልፍባቸው መገጣጠሚያዎች ውስጥ ጠብታ ዘይት በየወሩ ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ፍሬኑ ተይዞ አይለቅም፣ ነጂውም ሳያውቅ ፍሬን ይዞ ሲገፋ ይውላል። የሚቻል ከሆነ የአሉሚኒየም ቸርኬና በሽቦ የሚሳብ ፍሬን ያለውን ተመሳሳይ ሳይክል ይፈልጉ፤ ትንሽ ቢወደድም ክረምቱ ላይ ዋጋውን ይመልሳል።

ሦስተኛው ዓይነት፣ ከፊትም ከኋላም ሞላ የሌለው፣ 26 ቁጥር ወፍራም ጎማ ያለው ሳይክል፣ ገና አስፋልት ላልደረሰበት ሰፈር ተመራጭ ነው። አዲስ የማኅበር ቤቶች መግቢያ ብዙውን ጊዜ ኮረት ወይም ዋልካ ነው። 1.95 ኢንች ውፍረት ያለው ጎማ ኮረት ላይ አይንሸራተትም፤ ቀጭኑ ጎማ ግን ድንጋይ ስለት ላይ ሲያርፍ ካላማዳሪው በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ተቆንጦ ሁለት ቦታ ይበሳል። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካዩ ጥፋቱ የእሾህ አይደለም፤ ነፋስ ማነስ ነው። የዚህ ሳይክል ማርሽ ሲያስቸግር ባለሙያ ዘንድ ወስዶ ማርሽ ቀያሪውን አስወልቆ፣ ሰንሰለቱን አስቆርጦ በአንድ ማርሽ ማስነዳት ይቻላል፤ ግን የኋላ እግሩ ላይ አክሱ የሚገባበት ክፍት ወደ ኋላ ተዘርግቶ የሚስተካከል መሆኑን አስቀድመው ይዩ። ወደ ታች ብቻ የተከፈተ ከሆነ ሰንሰለቱን መወጠሪያ ስለማይኖር በየጊዜው ይወልቃል። ፓራፋንጎና የኋላ መጫኛ ለብቻ ተገዝተው ይገጠማሉ።

ዋልካው የራሱ ጠባይ አለው። እርጥብ ሲሆን ጎማውና ፓራፋንጎው መካከል ገብቶ ሳይክሉን ይዞ ያቆማል። በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ሁለት ጣት የሚገባ ክፍተት ከሌለ ፓራፋንጎውን በዳዶው ከፍ አድርጎ ማሰር ያስፈልጋል። ያም ሆኖ ከባድ ዝናብ ከዘነበ በኋላ እስከ ኮብልስቶኑ ድረስ ገፍቶ መሄድ ይሻላል፤ ጭቃ ይዞ በግድ መንዳት ሰንሰለቱን ይፈጀዋል።

ጎማ ሲገዙ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር አይመኑ። «26» ተብለው የሚሸጡ ሁለት ጎማዎች ላይገናኙ ይችላሉ፤ ወፍራሙ 26 በ1.95 የሚገባው 559 ሚሊ ሜትር ቸርኬ ላይ ሲሆን፣ ቀጭኑ 26 በ1⅜ የሚገባው 590 ላይ ነው። «28» የሚባለውም እንዲሁ 635 ወይም 622 ሊሆን ይችላል፤ ጥቁሩ ሳይክል አብዛኛውን ጊዜ 635 ነው። ይህ ሦስት አሃዝ ያለው ቁጥር በጎማው ጎን በትንሹ ተጽፏል፤ ከአሮጌው ጎማ ላይ አይተው ይዘው ይሂዱ። ነፋስ ለ1.95ቱ ከ40 እስከ 50 ፒ.ኤስ.አይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ)፣ ለ28 በ1½ው ከ45 እስከ 55 ይበቃል፤ ጎኑ ላይ ከተጻፈው ጣሪያ ማለፍ ግን ክልክል ነው። ጎሚስታ ቤት ባለው የመኪና መንፊያ የሚያስነፉ ከሆነ በጥቂት በጥቂቱ ያስገቡ፤ የሳይክል ጎማ የሚይዘው አየር ትንሽ ስለሆነ በአንድ ቅጽበት ይፈነዳል። ጥቁሩ ሳይክል ላይ የሚገኘው፣ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ያለበት ቫልቮላ በፀሐይ ይደርቅና ነፋስ ያስተነፍሳል፤ ጎማው ሌሊቱን ባዶ ከሆነ ካላማዳሪውን ከማስለጠፍ በፊት ያን ትንሽ ላስቲክ ይቀይሩ። የግራር እሾህ ሲበሳ ደግሞ ቀዳዳውን ብቻ ለጥፎ መመለስ አይበቃም፤ እሾሁ ከውጭ ጎማው ውስጥ ተሰብሮ ስለሚቀር ውስጡን በጨርቅ ጠርጎ ማውጣት ያስፈልጋል። በጣት ከሚዳስሱት በጨርቅ ይሻላል፤ እሾሁ ክር ይይዛል።

ያገለገለ ሳይክል መግዛት ብልህነት ነው፤ ግን አራት ነገር ሳያዩ ብር አይቁጠሩ። ጎማውን ከመሬት አንሥተው ያሽከርክሩ፤ ቸርኬው ወደ ፍሬኑ ቀርቦ የሚርቅ ከሆነ ሽቦው ላልቷል፤ ይህ ይስተካከላል። ቸርኬው ላይ ጉድጓድ ካለ ግን አይስተካከልም። የፔዳሉን እጅ ይዘው ወደ ጎን ይወዝውዙ፤ ቋ የሚል ድምፅ ካለ ወይ ኩሽኔታው ተበልቷል፣ ወይ እጁን ከአክሱ ጋር የሚያስረው ሽብልቅ ላልቷል። ሽብልቁ ርካሽ ነው፤ ዝም ተብሎ ሲነዳ ግን አክሱን ራሱን ይበላዋል። ሰንሰለቱን ተወጥሮ ሳለ በማስመሪያ ይለኩ፤ ከአንዱ ፒን መሃል ተነሥቶ 24 መገጣጠሚያ ሲቆጠር አዲስ ሰንሰለት 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 308 ከደረሰ ዕድሜው አልቋል፤ ከቆየ ጥርሱንም ይዞ ይሄዳል። በመጨረሻ ተሰብሮ የተበየደበት ምልክት ካለ ይፈልጉ፤ በተለይ ከመሪው በታች ባለው መገናኛ። እዚያ ላይ የተበየደ ሳይክል በነጻም አይወሰድ።

መቀመጫውን ለማስተካከል፣ ተረከዝዎ በታችኛው ፔዳል ላይ ሲያርፍ እግርዎ ቀጥ ይበል። ጉልበት የሚያማቸው ሰዎች አብዛኞቹ መቀመጫቸው ዝቅ ያለ ነው። በአንድ ማርሽ ሳይክል ሰንሰለቱ መሃሉ ላይ ሲነካ ከ1 እስከ 1.5 ሳንቲ ሜትር ይጫወት፤ ከላላ ይወልቃል፣ ከጠበቀ ኩሽኔታ ይበላል።

ለመግዛት ያመነታ ሰው መጀመሪያ ይከራይ። ሳይክል ማከራየት ባሕር ዳር ውስጥ የቆየ ሥራ ነው፤ ከዛፍ ሥር የሚሠሩ ጠጋኞችም በየመንገዱ አሉ። ለዚች ከተማ ሳይክል ለመምከር የምንደፍርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በኪራዩ ጊዜ ከአዲሱ ቤት እስከ ሥራ ቦታ በእውነተኛው ሰዓት መሄድ ነው፤ ጠዋት ሐይቁ ረጋ ያለ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ግን ከጣና ወደ የብስ ነፋስ ይነሣል። ቤቱ ከከተማው በስተደቡብ ለሆነ ሰው ይህ ነፋስ ሲመለስ ከጀርባው ይገፋዋል። ከዓባይ ማዶ ለሚኖሩ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ድልድይ ነገሩን ለውጦታል፤ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን ለሳይክልና ለእግረኛ የራሳቸው መንገድ አላቸው። ጠባቡን አሮጌ ድልድይ ከከባድ መኪና ጋር መጋፋት ሰውን ከሳይክል ያስወጣ ነበር።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ ሳይክሉ በረንዳ ላይ አቧራ ለብሶ የሚቀርበት ዋናው ምክንያት ማቆሚያ ማጣት ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ 18 ኪሎ ብረት ተሸክሞ በየቀኑ የሚወጣ ሰው የለም። የማኅበር ኮሚቴዎችን አጥብቀን የምንለምነው ይህን ነው፤ ለመኪና ቦታ ሲለካ ለሳይክልም ምድር ላይ፣ ከጥበቃው ዓይን ሥር ይለካ። አሠራሩ ቀላል ነው። 1½ ኢንች የውኃ ቱቦ ብረት እንደተገለበጠ ዩ ይታጠፋል፤ ከመሬት በላይ 75 ሳንቲ ሜትር፣ ኮንክሪት ውስጥ 25፣ አግድሙም 75። አንዱ ማቆሚያ 2.75 ሜትር ብረት ስለሚፈጅ ከአንድ ባለ 6 ሜትር ቱቦ ሁለት ይወጣል፤ አንዱ ማቆሚያ በግራና በቀኝ ሁለት ሳይክል ያስራል። በማቆሚያዎቹ መካከል 1 ሜትር ይተዉ፤ በ80 ሳንቲ ሜትር ከተሠራ መሪዎቹ ተያይዘው ሰው ሲመዝዝ የጎረቤቱን ይጥላል። ብየዳ ቤቶች የሚያቀርቡት፣ የፊት ጎማ ብቻ የሚይዘው ፍርግርግ አይታዘዝ፤ ሳይክሉ ሲጋደል ቸርኬውን ያጣምማል፣ አካሉንም በቁልፍ ለማሰር አይመችም። በላዩ ቆርቆሮ፣ አጠገቡ ደግሞ በሰንሰለት የታሰረ የጋራ መንፊያ ይኑር። ቀጭን የሽቦ ቁልፍ በፒንሳ ስለሚቆረጥ ወፍራም ሰንሰለትና ጓጉንቸር ይሻላል፤ መታሰር ያለበትም አካሉ ነው እንጂ ጎማው ብቻ አይደለም።

የመንገድ መብራት ባልገባበት ሰፈር የፊት መብራትና የኋላ ቀይ አንጸባራቂ ግዴታ ነው። አንድ ኩንታል ጤፍ፣ የታመመ ሰው፣ ሌሊት የሚመጣ እንግዳ የባጃጅ ሥራ ነው፤ ሳይክል ያለው ቤት ባጃጅ መጥራት አልተከለከለም። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ግን የኋላ መጫኛው ላይ በደንብ ከታሰረ ይሄዳል፤ ሁለት ባለ 10 ሊትር በግራና በቀኝ ዝቅ ብለው ቢንጠለጠሉ ደግሞ ሚዛኑ ይበልጥ ይጠበቃል።

በባትሪ ስለሚሄደው ሳይክል ብዙ ሰው ይጠይቃል። ባለ 48 ቮልት 20 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ አንዴ ሲሞላ 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል፤ ለዚህ የሚከፈለው የመብራት ዋጋ ከቤንዚን ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን አራቱ ባትሪዎች አንድ ላይ 25 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ፤ መብራት ጠፍቶ ባዶአቸውን ለቀናት ከቆዩ ውስጣቸው ይደነድንና የሚይዙት ኃይል ለዘለቄታው ይቀንሳል። ዘንዘልማን ከሚያህል ርቀት ለሚመላለስ፣ ጉልበቱ ለደከመ ሰው ይሆናል። ፎቅ ላይ የሚኖር ግን ባትሪው ተነቅሎ የሚወጣ፣ ሊቲየም የሆነና በአንድ እጅ የሚነሣ ካልሆነ፣ ወይም ማቆሚያው አጠገብ ቆጣሪ ያለው ሶኬት ካልተዘረጋ አይግዛ።