ገመድ ጉተታ ወይስ የአሽ መስመሮች?

ቅዳሜ ከሰዓት አራት ኪሎ የምንሰበሰብ ጓደኛሞች አለን። ማኅበራዊ ሥነ ልቦናን በጨዋታ እንማራለን። እስካሁን ሁለት ሞክረናል።

ገመድ ጉተታውን ሁሉም ያውቀዋል። ፈረንሳዊው ማክስ ሪንግልማን እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ጥናት፣ ጎታቹ በበዛ ቁጥር የእያንዳንዱ ጉልበት ይቀንሳል። ስምንት ሲሆኑ የአንዱ ድርሻ ለብቻው ከሚጎትተው ግማሽ ያህል ነበር። ጨዋታው ያስቃል። ግን መለኪያ ከሌላችሁ ማን እንደለገመ በምን ይታወቃል? ቦታም ይፈልጋል። አራት ኪሎ ላይ ባዶ ሜዳ ፈልጉ እስቲ!

ለሥነ ልቦና ተመራማሪው ሰለሞን አሽ ጨዋታ ወረቀትና ማስመሪያ ይበቃል። አንድ መስመር ታሰምራላችሁ፣ ከጎኑ ሦስት። ከመጀመሪያው ጋር እኩል የሆነው የቱ ነው? አንድ ሰው ብቻ ሳያውቅ፣ ሌሎቹ ተማክረው ሆን ብለው ይሳሳታሉ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአሽ ሙከራ ከአራት ሰው ሦስቱ ቢያንስ አንዴ ከቡድኑ ጋር ተሳስተዋል።

የእኛዋ ተፈታኝ መስመሩን አየች። እኛን አየች። እንደገና መስመሩን። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "እ... ሁለተኛው" አለች። ትክክሉ ሦስተኛው ነበር። በሌላ ቀን ከእኛ አንዱ እውነቱን እንዲናገር አደረግን። ያን ቀን ተፈታኙ ወዲያው ደፈረ። አሽም ያየው ይህንኑ ነው፤ አንድ አጋር ሲገኝ ጫናው በጣም ይቀንሳል።

እኔ የአሽን እመርጣለሁ። ማታለል ስላለበት ግን እንዳለቀ እውነቱን ንገሩትና ቡና ጋብዙት። ደግሞ አንዴ የነቃ ሰው ድጋሚ አይሸወድም። ያኔ ገመዱን ታወጣላችሁ።