ከሌላ ዩኒክስ የመጣ ቴፕ ማንበብ፦ ታር፣ ኤምቲ እና ዲዲ ሲመዘኑ

በሶላሪስ ወይም በኤአይኤክስ የተጻፈ የባክአፕ ቴፕ ሊኑክስ ላይ አልነበብ ሲል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ካሴቱ ነው። ካሴቱ ግን ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ ያልተስማማው የብሎክ መጠኑ (ቴፑ ላይ በአንድ ጊዜ የሚጻፈው የዳታ ቁራጭ መጠን) ነው። ከሦስቱ መሣሪያዎች፣ ማለትም ማህደር ከሚያወጣው ታር፣ ድራይቩን ከሚያዘው ኤምቲና ዳታን ጥሬውን ከሚቀዳው ዲዲ፣ ይህን በግልጽ የሚያሳየው ዲዲ ብቻ ነው።

ግኑ ታር (ሊኑክስ ላይ የተለመደው የታር ዓይነት) ፋይል ለማውጣት ጎበዝ ነው፤ ችግር ለመመርመር ግን ደካማ። ካልተነገረው በቀር በአንድ ጊዜ የሚያነበው 20 ባለ 512 ባይት ብሎክ፣ ማለትም 10240 ባይት ነው። ቴፑ በ64 ኪሎባይት ብሎክ ከተጻፈ የሊኑክስ ድራይቨር የቻለውን ያህል ቆርጦ አይሰጥም፤ ንባቡን ጭራሽ ይከለክላል። ታርም «ሚሞሪ መመደብ አልተቻለም» ይላል። በዚህ መልእክት ተመርቶ ራም የሚጨምር ሰው ገንዘቡን አባከነ ማለት ነው። መፍትሔው ታርን በ«-ቢ 128» ማስነሳት ነው። ቁጥሩ ቢበልጥም ችግር የለውም፤ ታር አነስ ያለ ብሎክ ሲያገኝ ራሱን ያስተካክላል።

ትክክለኛውን መጠን ለማወቅ ግን ዲዲን የሚያህል የለም። መጀመሪያ ካሴቱ እንዳይጻፍበት የጽሑፍ መከላከያውን ቆልፉ። ቀጥሎ በኤምቲ «ሴትብሎክ 0» ብላችሁ ድራይቩን ወደ ተለዋዋጭ ብሎክ አዙሩት፤ ይህ ከተዘለለ ልኬቱ ዋጋ የለውም። ከዚያ ዲዲን በ«ቢኤስ=256ኬ ካውንት=1» አስነስታችሁ ውጤቱን ወደ ፋይል ጻፉ። የፋይሉ መጠን የቴፑ ብሎክ መጠን ነው። ዲዲ «0+1» ካለ ብሎኩ ከ256 ኪሎባይት ያንሳል፤ «1+0» ካለ ልክ 262144 ባይት ነው። ያው ፋይል ባይቶችን በሚያሳየው ኦዲ ሲታይ፣ ከዜሮ ተቆጥሮ ከ257ኛው ባይት ጀምሮ «ዩስታር» የሚሉት ፊደላት ካሉ የታር ማህደር ነው።

የፋይል ስሞቹ ፊደላት ሁለት ሁለት እየሆኑ ቦታ ተለዋውጠው ከታዩ ባይቶቹ ተገልብጠዋል፤ በድሮ የኤስጂአይ (የዩኒክስ ኮምፒውተር አምራች) ቴፖች የተለመደ ነው። ዲዲ በ«ኮንቭ=ስዋብ» ያቃናዋል። የድሮው ባይነሪ ሲፒአይኦ (ሌላ የማህደር ፎርማት) ላይ ግን ይህን እንዳትሞክሩ፦ እዚያ የተገለበጠው ራስጌው ብቻ ስለሆነ ስዋብ ጤነኛውን ዳታ ያበላሻል። ግኑ ሲፒአይኦ ራሱ አውቆ፣ አስጠንቅቆ ያነበዋል።

ዲዲም እንከን አለው። «ኮንቭ=ኖኤረር፣ሲንክ» ለተጎዳ ዲስክ ቢመከርም፣ ሲንክ አጭሩን ብሎክ ሁሉ በዜሮ ስለሚሞላ ቴፕ ላይ ማህደሩን ያፋልሳል።

ኤምቲ ሥራውን በአግባቡ ይሠራል፤ ተጠቃሚውን የሚያሳስተው የመሣሪያ ስም ምርጫ ነው። ሊኑክስ ላይ «ኤስቲ0» ሲዘጋ ቴፑን ወደ መጀመሪያው ያጠነጥናል፤ «ኤንኤስቲ0» ባለበት ይተወዋል። ሶላሪስ ላይ የማያጠነጥነው መጨረሻው «ኤን» የሆነው፣ ኤአይኤክስ ላይ ደግሞ «አርኤምቲ0.1» ነው። በማያጠነጥነው ስም ሁለተኛውን ማህደር ስታነቡ ባዶ ከመጣ፣ ታር የቆመው ከፋይል ማርኩ (ማህደሮቹን ከሚለየው ምልክት) በፊት ነው፤ «ኤፍኤስኤፍ 1» ያሻግረዋል።

በተቃራኒው አቅጣጫ፣ የሊኑክስ ቴፕ ኤአይኤክስ ላይ የግብዓት/ውጤት ስህተት ካመጣ የድራይቩን የብሎክ መጠን እዩ። 1024 ሆኖ ከተገኘ የመሣሪያ ቅንብር በሚቀይረው «ሲኤችዴቭ» ወደ 0 ለውጡት። የሶላሪስ ታር የቼክሰም (የማረጋገጫ ድምር) ስህተት ካወጣ ደግሞ መንስኤው ብዙ ጊዜ የግኑ ታር የረጅም ስም ቅጥያ ነው። ቴፑ እንደገና የሚጻፍ ከሆነ በ«ፎርማት=ዩስታር» ይጻፍ፤ በዚህ ፎርማት ግን አንድ ፋይል ከ8 ጊጋባይት ማነስ አለበት።

ከሦስቱ አንዱም የማይፈታው የድራይቭ ትውልድ ነው። ኤልቲኦ በሚባለው የቴፕ ዓይነት፣ እስከ ኤልቲኦ-7 ያሉት ድራይቮች ሁለት ትውልድ ወደኋላ ያነባሉ፤ ኤልቲኦ-8 ግን ወደኋላ የሚያነበው ኤልቲኦ-7ን ብቻ ነው። ኤልቲኦ-6 ካሴት ይዞ ኤልቲኦ-8 ድራይቭ ፊት የቆመ ሰው ሌላ ድራይቭ ይፈልግ።