ለደሴዋ ፋርማሲስት ምስጋና፣ ለአንጓ ሕመምተኞች ጥቆማ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ መድኃኒት ቤት የምትሠራውን ፋርማሲስት እህታችንን በአደባባይ ልናመሰግናት እንወዳለን። የአንጓ (የመገጣጠሚያ) ብግነት ያለባቸውን ሰዎች የምንከታተል የጤና ባለሙያዎች እንደመሆናችን፣ ሥራዋ የስንቱን ሰው ሕይወት እንደሚጠብቅ እናውቃለን።

ሰሞኑን «ለአንጓ ሕመም የጂን (የዘረመል) መርፌ አለ ወይ?» የሚል ሰው በዝቷል። ሳትሰለች ታስረዳለች። ሐሳቡ እውነት ነው። ብግነት የሚያባብሰውን ኢንተርሊውኪን-1 የሚያግድ ፕሮቲን አለ፤ ግን ጉልበት ውስጥ ቢወጋ ቶሎ ይጠፋል። ስለዚህ ጂኑን አስገብቶ አንጓው ራሱ ፕሮቲኑን እንዲያመርት ማድረግ ነው የተፈለገው። ፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1996 በሰው የጣት አንጓ ላይ ሙከራውን ጀመረ። ደቡብ ኮርያ እ.ኤ.አ. በ2017 ኢንቮሳ የተባለውን የጉልበት የጂን መርፌ ፈቅዳ በ2019 ሰረዘችው፤ በውስጡ ያለው የልም አጥንት ሕዋስ ነው የተባለው ከኩላሊት የመጣ የሕዋስ ዝርያ ሆኖ ተገኘ። አገራችን ውስጥ ለአንጓ ሕመም የሚሸጥ የጂን መርፌ የለም። በዚህ ስም ብልቃጥ ይዞ የመጣ ሰው ካለ ጽሑፉን አብራው ታነባለች። ትሪያምሲኖሎን ወይም ዴክሳሜታሶን የሚል ከሆነ ስቴሮይድ ነው፤ እብጠት ያስታግሳል፣ የስኳር ሕመምተኛን ስኳር ግን ለቀናት ከፍ ያደርጋል። ንጽሕናው ባልተጠበቀ መርፌ ጉልበት ከተወጋ ደግሞ አንጓው ሊመግል ይችላል።

ከሁሉ በላይ የምናመሰግናት ግን በሜቶትሬክሴት አሰጣጧ ነው። ለሩማቶይድ አርትራይተስ (የሰውነት መከላከያ የራሱን አንጓ ለሚያጠቃበት ሕመም) ይህ መድኃኒት የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ የዋጠ ሰው መቅኔው ደም ማምረት ሊያቆም፣ አፉ ሊቆስል፣ ሊሞትም ይችላል። እሷ ቀኑን ካርቶኑ ላይ በትልቁ «ሐሙስ ብቻ» ብላ ትጽፍና ታካሚው መልሶ እንዲነግራት ታደርጋለች። 10 ሚሊግራም ለታዘዘለት ሰው፣ ፍሬው ባለ 2.5 ከሆነ፣ በሳምንት 4፣ ለአራት ሳምንት 16 ፍሬ ትቆጥራለች እንጂ ከዚያ አታሳልፍም። የሜቶትሬክሴትን ጉዳት የሚቀንሰውን ቫይታሚን፣ ፎሊክ አሲዱን፣ በሌላ ቀን ታስይዛለች። የደምና የጉበት ምርመራ ውጤት ሳታይ መድኃኒቱን ደግማ አትሰጥም። ኮትሪሞክሳዞል የተባለውን ፀረ-ባክቴሪያ ለመግዛት የመጣውንም «ሜቶትሬክሴት ትወስዳለህ?» ብላ ትጠይቃለች፤ ሁለቱ ሲገናኙ መቅኔን ክፉኛ ይጎዳሉና። ሴቶችን ስለ እርግዝና ለብቻ ጠርታ ታነጋግራለች፤ ጽንስ ይጎዳልና። መድኃኒቱ ለመሥራት ከ6 እስከ 12 ሳምንት ስለሚፈልግ፣ በሦስተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ ሊያቋርጥ የመጣውን አባት ቁጭ አድርጋ ታስረዳለች፤ እንዲህ ያለ ትዕግሥት በየመድኃኒት ቤቱ አይገኝም።

እህታችን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ አላህ ይጨምርልሽ!

ከኮምቦልቻም ሆነ ከሐይቅ የምትመጡ፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነካርቶኑ፣ የመጨረሻውን የደም ምርመራ ወረቀትና የሐኪም ማዘዣውን ያዙ። ሰኞ በገበያው ምክንያት ወረፋ ስለሚበዛ ሌላ ቀን ይሻላል። አንጓው በድንገት አብጦ የጋለና ትኩሳት ያለው ሰው ግን መድኃኒት ቤት ሳይሆን በቀጥታ ሆስፒታል ይሂድ። የመድኃኒት ቤቱን አድራሻ ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር እንልካለን።