ውሃ አይፈልግም በሚባል የሜዳ ሳር እንዳትሸወዱ

ይህን የምጽፈው ደረቅና ሞቃት ቦታ ላይ ሜዳ ለምትይዙ ክለቦች፣ ትምህርት ቤቶችና ስፖርት ማዕከሎች ነው። ዘር፣ መስኖና ጄል (አፈር ውስጥ ገብቶ ውሃ መጥጦ የሚይዝ ነገር) አንድ ላይ አድርጎ «ውሃ ቆጣቢ፣ ጨው የሚችል» እያለ የሚሸጥ ድርጅት ሲመጣባችሁ ቶሎ አትፈርሙ። እኔ የምሠራበት ክለብ ከእንዲህ ያለ ሻጭ ገዝቶ ሜዳው ግማሹ መላጣ ሆኗል። የክለቡ ልጆች የሚጫወቱት አቧራ ላይ ነው፣ ይሄ ያናድዳል።

ከዘሩ ልጀምር። ጆንያው ላይ «ቲፍዌይ 419» ይላል። ቲፍዌይ እ.ኤ.አ. በ1960 አሜሪካ ውስጥ የወጣ የሰርዶ ዲቃላ ነው፤ ለስፖርት ሜዳ በእውነት ጥሩ ሳር ነው። ግን መካን ነው። የሚበቅል ዘር ስለማይሰጥ የሚባዛው ከግንዱ ቁራጭ ወይም ከነሥሩ ተቆርጦ በሚነሳ የሳር ምንጣፍ ብቻ ነው። ስለዚህ የቲፍዌይ ዘር ብሎ በጆንያ የሚያመጣላችሁ ሰው ሌላ ነገር እየሸጠላችሁ ነው። እኛ ሜዳ ላይ የበቀለው አንዱ ቦታ ቅጠሉ ሰፊ፣ ሌላው ቦታ ቀጭን፣ ቁመቱም የተለያየ ተራ ሰርዶ ነው።

በምንጣፍ መልክ ከመጣላችሁ ደግሞ ቢላዋ ይዛችሁ አንዱን ጥቅል ቁረጡ። ከሥሩ የተጣበቀው አፈር ጥቁር ጭቃ ከሆነና ሜዳችሁ አሸዋ ከሆነ አትቀበሉ። ውሃው ጭቃው ላይ ይቆማል፣ ሥሩም ወደ አሸዋው አይወርድም። አሸዋ ላይ ያደገ ወይም አፈሩ የታጠበ ምንጣፍ ጠይቁ።

ጨው ይችላል የሚለው ነገር ሙሉ ውሸት አይደለም፣ አደገኛነቱም እዚህ ላይ ነው። ፓስፓለም የሚባለው ሳር ጨው ይችላል፤ ኳታር ለ2022ቱ የዓለም ዋንጫ ሜዳዎቿ የተጠቀመችው እሱን ነው። ነገር ግን የትኛውም ሳር ጨው የሚችለው ጨውን ከሥሩ በታች አጥቦ የሚያወርድ ተጨማሪ ውሃና ውሃውን የሚያስወጣ ጠጠርና ቱቦ ሲኖር ነው። ያለዚያ ጨው ከላይ ይከማቻል፣ አፈሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ይታያል፣ የቅጠሉ ጫፍ ይቃጠላል። የእኛ ሻጭ የጉድጓዳችንን ውሃ ናሙና እንኳን አልጠየቀም። የታከመ ፍሳሽ ውሃ የምትጠቀሙም ብትሆኑ ጨዋማነቱን፣ ሶዲየሙንና ቦሮኑን ላቦራቶሪ ሳያይላችሁ ዋጋ አትስሙ።

ጄሉንም ራሳችሁ ሞክሩት። አንድ ማንኪያ በተጣራ ውሃ፣ አንድ ማንኪያ ደግሞ ሜዳውን በምታጠጡበት ውሃ ብርጭቆ ውስጥ አሳድሩ። በንጹህ ውሃ ያብጣል፤ ጨው፣ ካልሲየምና ማግኒዚየም ባለበት ውሃ ግን በጣም ያነሰ ነው የሚይዘው። ሻጩ የሚያሳያችሁ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሒሳብ። 105 በ68 ሜትር የሆነ ሜዳ 7,140 ካሬ ሜትር ነው። 1 ሚሊሜትር ውሃ ለማጠጣት 7,140 ሊትር ይፈጃል። በሞቃቱ ወር በደረቅ ቦታ ሰርዶ እንኳን በቀን 5 ሚሊሜትር ገደማ ይፈልጋል፣ ማለትም 35,700 ሊትር። ሻጩ በቀን 10,000 ሊትር ይበቃል ብሎ ነበር። ይሄ 1.4 ሚሊሜትር ነው! ፓምፑንና ታንከሩን የመረጠው በዚህ ቁጥር ነው፣ ስለዚህ በኋላ ብዙ ላጠጣ ቢባል እንኳን መሣሪያው አይችልም።

ውሉ ደግሞ የባሰ ነው። ማስታወቂያው ላይ 10,000 ሊትር ተጽፏል፣ ውሉ ላይ ግን «በቂ ውሃ ካልጠጣ ዋስትናው ይፈርሳል» ይላል፣ በቂ ምን ያህል እንደሆነ የትም የለም። ሳሩ ሲደርቅ ጥፋቱ የእናንተ ይሆናል። ቁጥሩ ውሉ ውስጥ ይግባ። ከክፍያውም የተወሰነው አንድ ሙሉ የሞቃት ወቅት እስኪያልፍ እናንተ ጋ ይቆይ።

ለዙሪያው ጥላ ተብለው የሚመጡ ችግኞችንም ከረጢታቸውን ገልጣችሁ እዩ፤ ሥራቸው ተጠምዝዞ የዞረ ከሆነ መልሱ።

ይህን ጥቅል የገዛችሁ ካላችሁ ጆንያውን፣ መለያ ወረቀቱንና ደረሰኙን አትጣሉ። ከዘሩም እፍኝ ያህል አስቀምጡ፤ ለአቤቱታ የሚያስፈልገው እሱ ነው።